በጥልቁ ባሕር ፋኖስ ይዛ የምትኖረው ትንሿ ዓሣ



በዛሬው ዝግጅታችን ርዝመቷ ከአንድ ጣት ብዙም ስለማይበልጥ አንዲት የባሕር ዓሣ እናወጋችኋለን። ዓሣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የጣናን፣ የዝዋይንና የሐዋሳን ቆረሶና አምባዛ ነው። የዛሬዋ ዓሣ ግን ከዓሣ ቤት አትገኝም፤ አብዛኛው ሰውም ዕድሜውን ሙሉ አያያትም። ሆኖም የጀርባ አጥንት ካላቸው ፍጡራን መካከል በምድር ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዷ እርሷ ናት። ልጆችም ወደ ራዲዮኑ ጠጋ ይበሉ፤ ስለ እርሷ የሚነገረው ለእነርሱም የሚሆን ነውና።

ስሟና መልኳ

በእንግሊዝኛ «ላንተርን ፊሽ» ይሏታል፤ የፋኖስ ዓሣ ማለት ነው። «ፋኖስ» የሚለው ቃል በእኛም በዐረቦችም አፍ ያለ ስለሆነ ስሟ ለጆሯችን እንግዳ አይሆንም። በእርግጥ ይህች ዓሣ አንዲት ዝርያ ብቻ አይደለችም። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት «ሚክቶፊዴ» ብለው በሚጠሩት ቤተሰብ ውስጥ 250 ያህል ዝርያዎች ይገኛሉ። ከሰሜን ዋልታ አካባቢ አንስቶ እስከ ደቡቡ በረዶ ድረስ እነርሱ የሌሉበት ውቅያኖስ የለም። ትንንሾቹ ከ2 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጡም፤ ትልልቆቹ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች ናቸው።

መልኳን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ጎኗ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ወይም ጠቆር ያለ፣ ጭንቅላቷ ክብ፣ ዓይኗ ከሰውነቷ ጋር ሲመዛዘን በጣም ትልቅ ነው። ዓይኗ የተሰናዳው ለደብዛዛ ብርሃን ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ወደ ውኃው ጥልቀት ዘልቆ የሚገባውን ሰማያዊውን ብርሃን አጥርቶ ያያል። በሆዷና በጎኗ ላይ ደግሞ እንደ ዕንቁ ፍሬ የተደረደሩ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ። እነዚህ ነጠብጣቦች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የምትበራ ኩራዝ ናቸው።

ከመግሪብ እስከ ሱብሒ

ይህች ዓሣ ቀን ቀን የምትውለው ጥልቀቱ ከ300 እስከ 1,200 ሜትር በሚደርስ ውኃ ውስጥ ነው። የፀሐይ ብርሃን ከ200 ሜትር በታች ዕፅዋትን ለማሳደግ የማይበቃ ይሆናል፤ 1,000 ሜትር ገደማ ሲደረስ ደግሞ ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ መኖሪያዋ ከማታ ውጋጋን ጀምሮ እስከ ድቅድቅ ጨለማ የሚደርስ ዓለም ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። የላይኛው ውኃ መጨለም ሲጀምር ዓሣዎቹ በብዛት ተነሥተው ወደ ላይ ይጓዛሉ። ሌሊቱን ከ10 እስከ 100 ሜትር ባለው ጥልቀት ላይ ሲመገቡ ያድራሉ። ጎሕ ሲቀድ ተመልሰው ይወርዳሉ። እኛ በመግሪብና በሱብሒ መካከል የምናርፍበትን ሰዓት እነርሱ የሥራ ሰዓት አድርገውታል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው በዓመት አንዴ ወይም በወር አንዴ ሳይሆን በየቀኑ ነው። ዓሣዎቹና ከእነርሱ ጋር የሚወጡት ሌሎች ጥቃቅን የባሕር እንስሳት አንድ ላይ ሲቆጠሩ፣ በብዛት ይህን የሚያህል የእንስሳት ጉዞ በምድራችን ላይ የለም።

ድካሙን በሒሳብ እንየው። 5 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ዓሣ 400 ሜትር ወደ ላይ ስትወጣ የራሷን ቁመት 8,000 ጊዜ ተጓዘች ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው ይህንኑ ልሥራ ቢል ወደ 13 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ መውጣት ይኖርበታል። ይህም የራስ ዳሸንን ከፍታ ሦስት ጊዜ ሊያህል ጥቂት የሚቀረው ነው። ሲነጋ ደግሞ መልሶ መውረድ አለ።

ታዲያ ለምን ትደክማለች? መልሱ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ምርጫ ነው፤ ምግብና ደኅንነት። ምግቧ ኮፔፖድ የሚባሉና ሌሎች ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ እነርሱም በብዛት የሚገኙት በላይኛው ውኃ ነው። ነገር ግን ቀን ላይ እዚያ ብትገኝ በዓይናቸው የሚያድኑ ትልልቅ ዓሣዎች በቀላሉ ያዩዋታል። ስለዚህ ጨለማን ተገን አድርጋ ትበላለች፤ ሲነጋ ትሸሸጋለች።

ለዚህም አንድ ማስረጃ አለ። ጨረቃ ሞልታ በምትደምቅባቸው ሌሊቶች፣ በጨረቃ ወር አቆጣጠር 13፣ 14 እና 15 ላይ ማለት ነው፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች እንደ ሌላው ጊዜ ወደ ላይ አይጠጉም፤ ጠለቅ ብለው ያድራሉ። በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜም በጥልቁ ውኃ ያሉ ፍጥረታት ማታ የሆነ መስሏቸው መውጣት ሲጀምሩ በመሣሪያ ታይቷል። የጉዟቸው ዋና አዛዥ ብርሃን ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሌላም ጥያቄ አለ፤ የውኃው ክብደት እንዴት አይጨፈልቃትም? በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የአንድ አየር ግፊት ያህል ይጨመራል። በ500 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 51 እጥፍ ይሆናል። ይሁንና ሥጋና ደም በአብዛኛው ውኃ ናቸው፤ ውኃ ደግሞ በቀላሉ አይጨመቅም። የሚጨመቀው አየር ነው። ብዙ ዓሣዎች ሳይሰምጡ እንዲንሳፈፉ የሚረዳቸው የአየር ከረጢት በሆዳቸው ውስጥ አለ። በየቀኑ ለሚወጣና ለሚወርድ ዓሣ ይህ ከረጢት ችግር ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ከፋኖስ ዓሣዎች ብዙዎቹ ሲያድጉ ከረጢታቸው ይቀንሳል ወይም በስብ ይሞላል። ስብ ከውኃ ይቀላል፤ እንደ አየር ግን አይጨመቅም።

የማያቃጥል ብርሃን

አሁን ወደ ፋኖሷ እንመለስ። በቤታችን የምናበራው ኩራዝ ሙቀት ይሰጣል፤ እጅ ሲጠጋው ያቃጥላል። የዚህች ዓሣ ብርሃን ግን ቀዝቃዛ ነው። በሰውነቷ ውስጥ ሉሲፈሪን የተባለ ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ፣ ሉሲፈሬዝ የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ሥራውን ያፋጥነዋል፤ ከዚህም ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። ብርሃናቸውን ከባክቴሪያ የሚዋሱ ሌሎች የባሕር ዓሣዎች አሉ። የፋኖስ ዓሣ ግን የምታበራው በራሷ አካል ነው።

በጨለማ ለመሸሸግ የሚፈልግ ፍጡር መብራት ይዞ መሄዱ ግራ የሚያጋባ ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕር ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ የሚመለከት አዳኝ ከላይ የሚመጣውን ደብዛዛ ብርሃን ያያል። በመካከል የሚያልፍ ዓሣ ካለ ያንን ብርሃን ይጋርዳል፤ ጥላውም ያጋልጠዋል። የፋኖስ ዓሣ በሆዷ በኩል ያሉትን ኩራዞች ከላይ በሚወርደው ብርሃን ልክ ስታበራ ጥላዋ ይጠፋል። ከሥር የሚያይ ጠላት ባዶ ውኃ ያየ ይመስለዋል። ለእኛ መብራት የሚያስፈልገው ለመታየት ሲሆን ለእርሷ ላለመታየት ነው።

ብርሃኑ ሌላም ጥቅም አለው። የኩራዞቹ አደራደር ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ሊቃውንት ሁለት የሚመሳሰሉ ዝርያዎችን የሚለዩት ነጠብጣቦቹን እየቆጠሩ ነው፤ ዓሣዎቹ ራሳቸውም በዚሁ ሳይተዋወቁ እንደማይቀሩ ይታመናል። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ወንዴው በጅራቱ ሥር ከላይ በኩል፣ ሴቷ ደግሞ ከታች በኩል ለየት ያለ የብርሃን አካል አላቸው። በዓይናቸው አጠገብ እንደ መኪና የፊት መብራት ያለ ትልቅ ብርሃን የያዙ ዝርያዎችም አሉ።

የባሕር ወለል የመሰለው መንጋ

ውድ አድማጮች፣ የሰው ልጅ የዚህን መንጋ ብዛት ያወቀበት መንገድ ራሱ ትምህርት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ ለማግኘት ይጥር ነበር። ድምፅ ወደ ውኃው ይላካል፤ የገደል ማሚቶው ሲመለስ ከሥር ያለው ነገር ይታወቃል። በ1942 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዳርቻ የተደረገ ሙከራ ግን እንግዳ ነገር አሳየ። ባሕሩ በጣም ጥልቅ መሆኑ በሚታወቅበት ቦታ፣ በጥቂት መቶ ሜትር ላይ የባሕር ወለል የሚመስል ነገር ድምፁን መለሰው። ይባስ ብሎም ይህ «ወለል» ማታ ማታ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠዋት ይወርዳል።

ወለል አይወጣም፣ አይወርድም። በ1945 እ.ኤ.አ. ማርቲን ጆንሰን የተባሉ የባሕር ሳይንቲስት፣ ድምፁን የሚመልሰው ሕይወት ያለው ነገር መሆን አለበት ብለው ሌሊቱን ሙሉ በመረብና በመሣሪያ ተከታተሉት። የሚወጣውና የሚወርደው የእንስሳት ንጣፍ መሆኑም ተረጋገጠ። ከዚያም በ1967 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶች «አልቪን» በተባለች ትንሽ ጠላቂ ጀልባ ሆነው በሰሜን አትላንቲክ ወደ አንዱ ንጣፍ ወረዱ። ያገኙትም መንጋ መንጋ ሆነው የሚኖሩ የፋኖስ ዓሣዎችን ነው። ድምፁን ይመልስ የነበረው በዓሣዎቹ ሆድ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነበር።

በመንጋ መኖር ለትንሽ ፍጡር ትልቅ ጥበቃ ነው። ብዙ ዓይን ጠላትን ቀድሞ ያያል። አዳኝም ከሺህ ተመሳሳይ አካላት መካከል አንዷን መርጦ ለመያዝ ይቸገራል። ብቻዋን የቀረች ግን ወዲያው ትበላለች።

ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ መልሱ አሁንም እየተጠና ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በመረብ በተደረጉ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ የወጣ ግምት፣ ከፋኖስ ዓሣ ጋር በዚያው ጥልቀት የሚኖሩትን ዓሣዎች በሙሉ ክብደት 1 ቢሊዮን ቶን ገደማ አድርሶት ነበር። በ2010 እና በ2011 ዓለምን በዞረው ማላስፒና በተባለው የስፔን የጥናት ጉዞ ከተሰበሰበ የድምፅ መረጃ ተነሥቶ በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ወደ 10 ቢሊዮን ቶን ከፍ አደረገው። ልዩነቱ የመጣው ዓሣዎቹ መረቡን አይተው ስለሚሸሹ ነው። በሌላ በኩል በድምፅ መቁጠርም ሊያሳስት ይችላል፤ አየር የያዙ ሌሎች የባሕር ፍጥረታት እንደ ዓሣ ሊቆጠሩ ይችላሉና። ለማመዛዘን ያህል፣ የዓለም አጥማጆች ሁሉ በዓመት ከባሕር የሚያወጡት ዓሣ 80 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው።

በቅርባችን ያለችው ዝርያ

ይህች ዓሣ ከእኛ እጅግ የራቀች እንዳትመስላችሁ። «ቤንቶሴማ ፕቴሮተም» የተባለችው ዝርያ በቀይ ባሕር፣ በዐረቢያ ባሕርና በኦማን ባሕረ ሰላጤ ትኖራለች። በጂዳ ወይም በመስቀጥ የሚኖሩ ወገኖቻችን ምሽት ላይ በባሕር ዳር ሲቀመጡ፣ ከፊታቸው በተዘረጋው ውኃ ማዶ በጥልቁ በኩል መንጋው ወደ ላይ እየወጣ ነው።

የሁለቱ ባሕሮች ጠባይ ይለያያል። በሌሎች ውቅያኖሶች ጥልቁ ውኃ እጅግ ቀዝቃዛ ነው። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውኃ ግን እስከ ታች ድረስ 21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሙቀት አለው። በዐረቢያ ባሕር ደግሞ ከ150 ሜትር ገደማ እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ያለው ውኃ ኦክስጅን በጣም ያነሰበት ነው። የበጋው የሞንሱን ነፋስ ምግብ የበዛበትን ጥልቅ ውኃ ወደ ላይ ስለሚያወጣ የላይኛው ውኃ በሕይወት ይሞላል፤ የሞተውና የወደቀው ሲበሰብስ ከሥር ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ብዙ ዓሣ በማይደፍረው በዚህ ውኃ ውስጥ ይህች ትንሽ ዓሣ ቀኑን ትውላለች፤ ማታ ወጥታ በደንብ ትተነፍሳለች።

ዕድሜዋ አጭር ነው። ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አድጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላት ትሞታለች። በቀዝቃዛ ባሕር ያሉ ዘመዶቿ ግን በርካታ ዓመታት ይኖራሉ። ይህ የሚታወቀው በዓሣዋ ጆሮ ውስጥ ካለች ጥቃቅን ጠጠር ነው። ጠጠሯ በየቀኑ አንዲት ስስ ንጣፍ ትጨምራለች፤ የዛፍ ግንድ በዓመት አንድ ቀለበት እንደሚጨምር ማለት ነው። እንቁላሎቿና ጫጩቶቿ በላይኛው ውኃ ይንሳፈፋሉ፤ ጫጩቶቹ አድገው ኩራዞቻቸው ሲወጡ ወደ ጥልቁ መውረድ ይጀምራሉ።

ከትንሿ ዓሣ ላይ የቆመው ማዕድ

ቱና፣ ዶልፊን፣ ስኩዊድና አቆስጣ እርሷን ይበላሉ። በደቡብ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩት ንጉሥ ፔንግዊኖች ዋና ምግባቸው የፋኖስ ዓሣ ነው። በጀበና ቡና ላይ ከሚቀርብ ማዕድ ጋር ባይገናኝም፣ በገበያ ቆርቆሮ ታሽጎ የምንገዛው ቱና ያደገው ከእንዲህ ያሉ ትንንሽ ዓሣዎች በተገኘ ሥጋ ነው።

ከዚህም ሌላ የማይታይ ሥራ አላት። በባሕሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ዕፅዋት ከአየር የገባውን ካርቦን ይይዛሉ፤ ኮፔፖዶቹ ዕፅዋቱን ይበላሉ፤ የፋኖስ ዓሣ ሌሊት ኮፔፖዶቹን ትበላለች። ከዚያም ሲነጋ የበላችውን በሆዷ ይዛ ወደ ጥልቁ ትወርዳለች። እዚያ ትተነፍሳለች፣ እዚያ ትጸዳዳለች፣ አንዳንዷም እዚያው ትሞታለች። በዚህ መንገድ የወረደው ካርቦን ወደ አየር ሳይመለስ ረጅም ዘመን በጥልቁ ይቆያል። የአንዷ ዓሣ ሸክም ኢምንት ነው። ቢሊዮኖች በየሌሊቱ ሲሸከሙት ግን የምድርን ሙቀት የሚነካ ሥራ ይሆናል።

ይጠመዱ ወይስ ይተዉ?

ውድ አድማጮች፣ ይህ ጥያቄ የወረቀት ጥያቄ አይደለም። በ1975 እና በ1976 እ.ኤ.አ. «ዶክተር ፍሪትዮፍ ናንሰን» የተባለችው የጥናት መርከብ በዐረቢያ ባሕር ባደረገችው ቅኝት በኦማን ባሕረ ሰላጤና በአካባቢው ከፍተኛ የፋኖስ ዓሣ ክምችት መኖሩ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ኢራን በዚያው ባሕረ ሰላጤ የማጥመድ ሙከራ አድርጋለች። ደቡብ አፍሪካም አንዷን ዝርያ ታጠምድ ነበር፤ የዓሣዋ ስብ ለፋብሪካዎቹ አስቸጋሪ ስለሆነ በ1980ዎቹ አጋማሽ ቆመ።

የሚፈለጉት በአብዛኛው ለሰው ምግብ አይደለም። ሥጋቸው ቶሎ ይበላሻል፤ አንዳንዶቹም የሰው ሆድ የማይፈጨው ሰም መሰል ስብ አላቸው። ስለዚህ ተፈጭተው ለእርባታ ዓሣና ለዶሮ መኖ፣ እንዲሁም ለዘይት ይውላሉ። የሕዝብ ቁጥር ሲጨምር የመኖ ፍላጎት ይጨምራልና ዛሬም ዓይናቸውን የጣሉባቸው አሉ። በሌላ በኩል አሜሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ጠረፏ በሚገኘው ባሕሯ፣ የፋኖስ ዓሣን ጨምሮ የሌሎች ምግብ በሆኑ ትንንሽ ዓሣዎች ላይ አዲስ የማጥመድ ሥራ እንዳይጀመር ከልክላለች። የከለከለችውም ጥናቱ ሳይቀድም አደኑ እንዳይቀድም ነው።

እኛ ሙስሊሞች የባሕር ዓሣ ሐላል መሆኑን እናውቃለን፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ሐላል መሆኑ ግን ልክ የለውም ማለት አይደለም። ኢስራፍ በሐላል ነገርም ይገባል፤ የውዱእ ውኃ ሐላል ሆኖ ሳለ ማባከኑ የሚጠላው ለዚህ ነው። አንድ ሰው «10 ቢሊዮን ቶን ካለ ምን ይጎድላል?» ሊል ይችላል። ቁጥሩ ራሱ በአሥር እጥፍ የሚለያይ ግምት መሆኑን ግን አይተናል። ያልተቆጠረን ገንዘብ የሚያወጣ አባወራ ቤቱን ምን ላይ እንደሚጥለው አያውቅም። ተቆጥሮ፣ ተለክቶ፣ ለሚበሉት ለሌሎቹ ፍጥረታትም ድርሻቸው ተትቶ የሚወሰድ ከሆነ ለተራበ ሰው ጥቅም ሊሆን ይችላል። ያለ ልክ ከተወሰደ ግን የሚጎዳው በባሕሩ ዳር ያለው የኦማንና የየመን ቱና አጥማጅ ነው፤ ባሕር የማያውቀው ገበሬም ከአየሩ ለውጥ አያመልጥም።

አንድ ነገር ለወጣቶቻችን እንጨምር። ስለ ጥልቅ ባሕር ጨለማ ሲነሣ ሱረቱ አን-ኑር ቁጥር 40ን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው፤ ማስታወሳቸውም መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ የወጣን የጥናት ቁጥር ሁሉ ከአንቀጹ ጋር ማሰር ተገቢ አይመስለንም። ቁጥሩ ነገ ሊለወጥ ይችላል፤ የአላህ ቃል ግን የጥናት ውጤት እየጠበቀ የሚጸና አይደለም። ሳይንሱን በሳይንስነቱ በደንብ እንማር፤ ማስተንተኑም የሚጥመው ነገሩን በትክክል ላወቀ ሰው ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ ልጆቻችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ጠይቋቸው፤ የፋኖስ ዓሣ መብራት የያዘችው ለመታየት ነው ወይስ ላለመታየት? ጨረቃ ስትሞላስ ለምን ጠለቅ ብላ ታድራለች? መልሱን ያገኘ ልጅ ለወንድምና ለእኅቱ ያስረዳ። እኛም ለዛሬ በዚሁ እናበቃለን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ድረስ በሰላም ቆዩን።